«ደህና ነኝ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለገባት ጠበቃ

ወገኖቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። ይህን ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ጉዳያችን ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ስጠብቅ ነው። ባለፈው ወር ተዘጋ። አሁን ነፍሴ መለስ ስላለች ምስጋናዬን በአደባባይ ልናገር። የኢንሹራንስ ደጅ ጥናት ያንገሸገሸው ሰው ካለ ደግሞ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የምንኖረው እዚህ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ሃቫና ጎዳና ላይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ አንድ መኪና ከኋላ መጥቶ ገጨን። የምነዳው እኔ ነበርኩ። አባባ ከጎኔ ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን ልናስቀይር እየሄድን ነበር። እኔ ለጥቂት ሳምንት አንገቴን አመመኝና ተሻለኝ። አባባ ግን የቀኝ ትከሻቸው ተጎዳ። ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ከዚያ ወራት የፈጀ ፊዚዮቴራፒ። ሸሚዛቸውን ራሳቸው መልበስ የማይችሉበት ጊዜ ነበር። ለአባት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በሩን ዘግተው ለብቻቸው ሲታገሉ ከውጭ ቆሜ እሰማ ነበር። የምነዳው እኔ ስለነበርኩ ጥፋቱ የኔ ባይሆንም ጸጸቱ የኔ ነበር።

የገጨን ሰው ኢንሹራንስ የነበረው የሕጉን ትንሹን ብቻ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ያ ለአንድ ተጎጂ 25,000 ዶላር ነው። የአባባ የሕክምና ወጪ ብቻ 46,000 ገደማ ደርሷል። የሰውዬው ኢንሹራንስ 25,000ውን ብዙም ሳይከራከር ከፈለ። ለቀረው አልተጨነቅኩም ነበር። ለምን? የራሴ ኢንሹራንስ ላይ «አንደርኢንሹርድ ሞተሪስት» የሚባለውን ሽፋን ገዝቼአለሁ። የገጨህ ሰው ኢንሹራንስ አልበቃ ሲል የራስህ ኩባንያ የሚሞላልህ ማለት ነው። እስከ 100,000 ዶላር። ለ9 ዓመት አንድ ወር ሳላዛንፍ ከፍያለሁ። አንድ ቀን ይደርስልኛል ብዬ ነዋ!

አልደረሰልኝም። ስሙን አልጠራም፤ ሁላችሁም ማስታወቂያውን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ «አይዞሽ፣ እኛ አለንልሽ» አሉኝ። ከዚያ የሕክምና ወረቀት አምጪ። አመጣሁ። ጎደለ። ጨመርኩ። «አልደረሰንም»። እንደገና ላክሁ። ጉዳያችንን የያዘችው አጀስተር (የካሳ ጥያቄውን የምትመረምረው የኩባንያው ሠራተኛ) ተቀየረች። አዲሱ ሁሉንም ከሀ ጀመረ። እሱም ተቀየረ። ሦስተኛዋ ስልክ አታነሳም። እንዲያው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ! እየሠራሁ በምሳ ሰዓቴ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ የመጠበቂያውን ሙዚቃ አዳምጣለሁ። አንድ ቀን 50 ደቂቃ ጠብቄ መስመሩ ተቋረጠ። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

በ14ኛው ወር ደብዳቤ መጣ። 6,000 ዶላር እንሰጣለን፣ ፈርማችሁ ጨርሱ ይላል። ምክንያቱን ሳነብ ግን አንጀቴ አረረ። «ተጎጂው ከአደጋው ከስድስት ቀን በኋላ ደህና መሆናቸውን በራሳቸው አንደበት ተናግረዋል» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያን ሰሞን አጀስተሯ በአስተርጓሚ ደውላ የአባባን ቃል በድምፅ ቀድታ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀቻቸው «ጌታዬ፣ ዛሬ እንዴት ነዎት?» ብላ ነው። አባባ ምን ይመልሳሉ? እኔና እናንተ የምንመልሰውን ነዋ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» አስተርጓሚው ቃል በቃል ተረጎመው። እሱም ሥራውን ነው የሠራው። ያቺ አንዲት ሰላምታ ግን 14 ወር ሙሉ ፋይል ውስጥ ተቀምጣ አባቴን «ውሸታም» ልትል ወጣች። አባባ ደብዳቤውን ሳነብላቸው ዝም አሉ። ከዚያ «እግዚአብሔርን ማመስገኔ ነው የተጻፈብኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጠበቃ ፍለጋ ወጣሁ። ይህም ሌላ መከራ ነበር። አንደኛው ቢሮ ማስታወቂያው ያማረ ነው። ጠበቃውን ግን አንድ ቀንም በዓይኔ አላየሁትም። ከጸሐፊ ጸሐፊ ሲያቀባብሉኝ ከረሙና «6,000ውን ውሰዱ፣ ጉዳዩ ትንሽ ነው» አሉኝ። ሌላው «ገና ዋጋ ይኖረዋል» ብሎ አስፈርሞኝ ስልኬን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የአገራችን ልጅ ነኝ ብሎ መሃል የገባም ነበር፤ እሱንም ሆድ ይፍጀው። በዚህ ሁሉ አባባ «ተይው ልጄ፣ ለእግዚአብሔር እንስጠው» ይሉኛል። ሊተዉት የፈለጉት እኔን አይተው እንደሆነ አውቃለሁ። ክብደቴ ቀንሶ ነበር።

መንገዱን ያሳየችኝ ሆስፒታል ውስጥ የምታስተረጉም አንዲት እህት ናት። «ዝም ብለሽ የመኪና አደጋ ጠበቃ አትፈልጊ፤ ከራስ ኢንሹራንስ ጋር የሚሟገት ነው የሚያስፈልግሽ» አለችኝ። ልዩነቱ ያኔ አልገባኝም። አሁን ገብቶኛል። እግዜር ይስጣት፣ የጠቆመችኝ ጠበቃ ናት የዛሬዋ ባለውለታዬ።

ስሟን እዚህ አልጽፍም። ራሷ «በውስጥ ስጪ እንጂ አደባባይ ላይ አታውጪው» ብላኛለች። አሜሪካዊት ናት፣ ዕድሜዋ የኔ እኩያ ይሆናል። ቢሮዋ ትንሽ ነው። ስንገባ ከወንበሯ ተነስታ የአባባን ቦርሳ ተቀበለቻቸው። የታመመ ትከሻቸው ላይ ነበር ያንጠለጠሉት። ሌላ ማንም አላየውም ነበር፤ እኔ ራሴ እንኳ!

ከዚያ አስተርጓሚ አስቀምጣ ያንን ቅጂ ከፈተችው። 11 ደቂቃ ነው። አንዴ ሰማችው። እንደገና ሰማችው። «ደህና ነኝ» የምትለዋ ጋ ስትደርስ አቆመችና አባባን ጠየቀቻቸው፦ «እናትዎ በሞቱ ማግስት አንድ ሰው እንዴት ነህ ቢልዎት ምን ይመልሱ ነበር?» አባባ ሳያመነቱ «እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ» አሉ። እሷም ራሷን ነቀነቀችና ጻፈች። ቀጥላ ቅጂውን ወደፊት አሳለፈችው። 4ኛው ደቂቃ ላይ አባባ «ማታ ማታ በቀኜ መተኛት አልችልም፣ እጄ ከደረቴ በላይ አይነሳም» ይላሉ። ደብዳቤው ውስጥ ይህች ቃል የለችም! አንዷን ለቅመው ሌላዋን ጥለዋል። ይህን ሁሉ ወር እኔ ራሴ ቅጂውን የመስማት መብት እንዳለኝ አላሰብኩም። እሷ ግን እስከ መጨረሻው ሰማችው። አባቴን ያመናቸው ሰው ያን ቀን ተገኘ።

የሕጉን ዝርዝር እኔ ብዙም አልዘለቅኩትም፤ የገባኝን ያህል ግን ልንገራችሁ። እዚህ አገር «ባድ ፌይዝ» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ ቅን ልቦና ማጣት ነው። ኢንሹራንስ ተሳስቶ ቢከለክልህ አንድ ነገር ነው። መክፈል እንዳለበት እያወቀ፣ ወይም በቂ ምክንያት ሳይኖረው ዛሬ ነገ እያለ ቢያጉላላህ ግን ማጉላላቱ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ኮሎራዶ ከ2008 ጀምሮ ለዚህ ሕግ አላት። የሚገባህን ክፍያ ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ወይም ከከለከለ፣ ከዋናው ክፍያ ሌላ የዚያን እጥፍ፣ የጠበቃና የፍርድ ቤት ወጪም ጭምር እንዲከፍል ልትጠይቅ ትችላለህ። በ2018 ደግሞ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ነገር ወስኗል። ኢንሹራንሱ በአንዱ የካሳ ክፍል ላይ ክርክር ስላለው ብቻ፣ ያልተከራከረበትን ክፍል ይዞ ማቆየት አይችልም። የኛን ጉዳይ የፈታው ይህ ነው።

እንዴት? ክሱ ከተከፈተ በኋላ የኩባንያው የውስጥ ፋይል ተጠየቀ። አጀስተሮቹ በየቀኑ የሚጽፉት ማስታወሻ አለ። ስንትና ስንት ገጽ ነው! ጠበቃችን አንድ በአንድ አነበበችው። ከዚያ አጀስተሩ ቃሉን የሚሰጥበት ቀን ደረሰ፤ ዲፖዚሽን ይሉታል። እኔም ገብቼ ተቀመጥኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። አንዲት ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ በእርጋታ ገፋችለት። በአራተኛው ወር የተጻፈ የራሳቸው ማስታወሻ ነው። የሕክምናው ወጪ ከአደጋው የመጣ ነው፣ የሌላኛው 25,000 ሲቀነስ 21,000 ይቀራል ይላል።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ስትጽፈው ታምንበት ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ መቼ ተከፈለ?»

ዝም አለ። ወረቀቱን አየ። ጠበቃቸውን አየ። ቃሉን የምትመዘግበዋ ሴትዮ ጣቶች እንኳ ቆመው ነበር። «አልተከፈለም» አለ በመጨረሻ። ከአራተኛው ወር ጀምሮ ያውቁ ነበር ማለት ነው! እኔ መኪና ውስጥ ሙዚቃ ሳዳምጥ እነሱ ያውቁ ነበር። 6,000 ብለው ሲጽፉልን ያውቁ ነበር። የሆነ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። እሷ በጠረጴዛው ስር እጄን ያዝ አደረገችኝና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄደች። ያቺን የእጅ አያያዝ እስክሞት አልረሳትም።

ፍርድ ቤት ሳንደርስ ተስማማን። መጠኑን እንዳልናገር ፈርሜያለሁ፤ እሱን አትጠይቁኝ። የአባባ የሕክምና ዕዳ ተከፍሏል፣ ለቀሪው ሕክምናቸውም አይጨነቁም። ይህን ያህል ይበቃል። ከሁሉ በላይ ግን አባቴ ውሸታም አለመሆናቸው ተመሰከረላቸው። እሳቸው ከገንዘቡ በፊት የጠየቁት እሱን ነበር፦ «ያቺ ቃል ተነሳችልኝ?»

እና ወገኖቼ፣ እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ። ከኢንሹራንስ የመጣ ደብዳቤ የመጨረሻ ቃል አይደለም። በስልክ የተነገራችሁን በኢሜይል መልሳችሁ ጻፉላቸው፤ ቀኑን፣ የሰውየውን ስም፣ ምን እንዳለ። እኔ ማስታወሻ ደብተር የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፣ ያ ያዘገየሁት ጊዜ እስካሁን ይቆጨኛል። የከለከሏችሁ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ለግዛቱ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ቅሬታ ማስገባት በነጻ ነው። ቃላችሁን ሲቀዱ «እንዴት ነዎት» ሲሏችሁ ሰላምታ አድርጋችሁ አትውሰዱት። የሚያማችሁን ተናገሩ። ለወላጆቻችሁም ንገሩ፤ በተለይ ለእነሱ። የክስ ጊዜም ያልፋል፣ አትቀመጡበት።

አንድ ነገር ደግሞ። የራሳችሁን ፖሊሲ ዛሬ ማታ ክፈቱትና ያ «አንደርኢንሹርድ» የሚባለው ሽፋን እንዳለበት እዩ። እዚህ ኮሎራዶ በጽሑፍ አልፈልግም ካላላችሁ በቀር ሊኖራችሁ ይገባል። 5,000 ዶላር የሕክምና ክፍያ የሚባለውም እንደዚያው ነው። ብዙዎቻችን ዋጋ እንዲቀንስልን ብለን ሳናነብ ፈርመን አስወጥተነዋል። እኔን ከዚያ ፊርማ ያዳነኝ ዕድል ነው።

ጠበቃችን ከኪሳችን አንድ ሳንቲም ቀድማ አልጠየቀችም። ውሉን በጽሑፍ ሰጥታን በአማርኛ እስኪገባን አስነበበችን። አባባ በጠየቁ ቁጥር ቆም ትላለች። ስትደውሉላት ታነሳለች። ካላነሳች ያን ማታውኑ ትደውላለች። ተስፋ የሌለውን ጉዳይ ደግሞ «ይህ አያዋጣችሁም» ትላለች እንጂ አታጓጓም። አንድ ጓደኛዬን ልኬላት እንዲህ ብላ በነጻ መክራ መልሳታለች። ጎበዝ ናት። ሰው ናት። ደግሜ እላለሁ፣ ሰው ናት። ከራሳችሁ ኢንሹራንስ ጋር የተያያዛችሁ ሁሉ ሳትውሉ ሳታድሩ ደውሉላት። ስሟንና ስልኳን የሚፈልግ በውስጥ ይጻፍልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን እመልሳለሁ። ስትሄዱ የፖሊሲውን የመጀመሪያ ገጽና የመጡላችሁን ደብዳቤዎች በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ።

ባለፈው ወር ፋይሉ መዘጋቱን ልትነግረን ደወለች። አባባ ስልኩን ተቀበሉኝ። «እንዴት ነዎት?» አለቻቸው፣ ይህችን ያህል አማርኛ ተምራለች። «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» አሉ። ከዚያ ቆም ብለው «ትከሻዬ ግን ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል» ብለው ጨመሩላት። ተረጎምኩላት። አሁን እዚህ አጠገቤ ቁጭ ብለው «ምርቃቴን ጻፊው» እያሉኝ ነው። ይኸው ጽፌዋለሁ፦ ልጄ፣ እጅሽ አይዛል፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ ለአባትሽም እንዳንቺ ያለ ሰው ይዘዝለት።