የተርትል ፋይልን ወደ ዳታቤዝ ማስገባት፦ በኤስኪውኤል ወይስ በሲኤስቪ?

ተርትል አርዲኤፍ (መረጃን በባለቤት፣ በባሕርይና በዋጋ የሚገልጽ ሥርዓት) የሚጻፍበት አንዱ የፋይል ዓይነት ነው። ኮድ ሳይጽፉ የአርዲኤፍ ፋይል ለመክፈት መረጃ ማጽጃው ፕሮግራም ኦፕንሪፋይን ይበቃል፤ ምርጫው ከዚያ በኋላ በምን መልክ እንደሚወጣ ነው፦ በኤስኪውኤል (በዳታቤዝ ትእዛዝ ቋንቋ) ወይስ በሲኤስቪ (ዋጋዎቹ በኮማ በተለዩበት የጽሑፍ ፋይል)። በየትኛውም መንገድ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ለምሳሌ ፋይሉ ስለ መጻሕፍት ከሆነ፣ ሁለት ደራሲ ያለው መጽሐፍ ሁለት ረድፍ ይይዛል፤ የሁለተኛው ረድፍ መለያ ባዶ ነው። በረድፍ እይታ መለያውን ወደ ታች ካልሞሉት፣ ሁለተኛው ደራሲ ያለ መጽሐፍ ይቀራል።

በኤስኪውኤል መላክ ፈጣን ነው፤ ሠንጠረዡን የሚፈጥረውን ትእዛዝ ራሱ ያዘጋጃል። የውጭ ቁልፍ (አንዱን ሠንጠረዥ ከሌላው ጋር የሚያያይዝ አምድ) ግን አይሠራም፤ ለአንድ ጠፍጣፋ ሠንጠረዥ ብቻ ይመረጣል።

ግንኙነቱ እንዲጠበቅ ከተፈለገ ሲኤስቪ ይሻላል፣ ድካሙ ቢበዛም። መጽሐፍና ደራሲ በየፋይላቸው ተለይተው፣ የተደጋገሙት ረድፎች ተወግደው ይላኩ። ሠንጠረዦቹን ከነቁልፋቸው በዳታቤዝ ማስተዳደሪያው ፕሮግራም በዲቢቨር መስኮት አስቀድመው ይፍጠሩ፤ ከዚያ መጽሐፉን ያስቀድሙ፤ አለበለዚያ የውጭ ቁልፉ የደራሲውን ረድፍ አይቀበልም። የአይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) አምድ ጽሑፍ ይሁን፤ ቁጥር ከሆነ መነሻው ዜሮ ይጠፋል።