አንድ ትኬት መስሎኝ ሁለት ገዛሁ፤ እናንተ እንዳትሸወዱ

አውሮፓ ውስጥ በሌሊት ባቡር ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔ ጥቂት ዩሮ ልቆጥብ ብዬ ነው ጣጣ ውስጥ የገባሁት።

የእህቴ ልጅ ክርስትና ሮም ነበር፣ እሁድ ጠዋት። እኔ ያለሁት ፍራንክፈርት ነው። ዓርብ ከሰዓት ተነስቼ፣ ማታ ሙኒክ ላይ የሮሙን የሌሊት ባቡር ይዤ፣ ተኝቼ አድሬ ቅዳሜ ጠዋት እደርሳለሁ አልኩ። አንድ ወዳጄ በቴሌግራም የትኬት ሻጭ ሊንክ ላከልኝ። የሻጩን ስም አልጠራም፤ እንዲህ የሚሠራው እሱ ብቻ አይደለምና ስሙን ብታውቁትም ብዙ አይጠቅማችሁም። «ከፍራንክፈርት ሮም፣ 94 ዩሮ» ይላል። ክፍያው አንድ፣ የሚመጣው ኢሜይል አንድ። ልከፍል ስል 11 ዩሮ የአገልግሎት ተብሎ ተጨመረ። እሱንም ዋጥ አድርጌ ከፈልኩ።

ከፍራንክፈርት የተነሳሁበት ባቡር መንገድ ላይ ቆመ፣ ሄደ፣ ደግሞ ቆመ፣ ብቻ ሙኒክ ስንገባ 50 ደቂቃ ዘግይተናል። በአንድ እጄ ሻንጣ እየጎተትኩ፣ በሌላው በፎይል የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ታቅፌ እየሮጥኩ ግላይሱ (ባቡሩ የሚቆምበት መስመር) ጋ ስደርስ የሮሙ ባቡር ከሄደ 12 ደቂቃ ሆኖታል። መረጃ መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴትዮ ስልኬን ተቀብላ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች አደረገችው። «እነዚህ እኮ ሁለት ትኬቶች ናቸው» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ «ሁለተኛው አልጋ የለውም፣ መቀመጫ ነው» አለች። እኔ ፒጃማ ይዤያለሁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ትኬት ከሆነ ውሉም ሁለት ነው። የመጀመሪያው ድርጅት «ሙኒክ አድርሼሃለሁ» ይላል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የዘገየ ባቡር ካሳ የሚከፍለው ከ60 ደቂቃ ጀምሮ ነው፤ ከ60 እስከ 119 ደቂቃ የትኬቱን 25 በመቶ፣ ከ120 በላይ ከሆነ 50 በመቶ። የእኔ 50 ደቂቃ ነው፣ ስለዚህ ዜሮ። ሁለተኛው ደግሞ «ባቡሬ በሰዓቱ ተነስቷል፣ አንተ ነህ የሌለኸው» ይላል፣ ትኬቱም ተቃጠለ። መንገዱ በሙሉ በአንድ ትኬት ቢሆን ኖሮ ግን ሮም ዘግይቼ የምደርስበት ሰዓት ነበር የሚቆጠረው፤ በሌላ ባቡር ማድረስም፣ ማደሪያ መስጠትም የእነሱ ዕዳ ይሆን ነበር።

ያበሳጨኝ ቆይቶ ያወቅኩት ነው። እ.ኤ.አ. ከጁን 2023 ጀምሮ የሚሠራው 2021/782 የሚባለው ደንብ እንደዚህ ዓይነት ሻጮችንም ይይዛል። የተለያዩ ድርጅቶችን ትኬት በራሱ አገጣጥሞ በአንድ ክፍያ የሸጠ ሻጭ፣ ተሳፋሪው መቀየሪያው ላይ ባቡር ካመለጠው ሙሉ ገንዘቡን ይመልሳል፣ በላዩ ላይ 75 በመቶ ካሳ ይጨምራል። ግን ቀዳዳ አለችው። ትኬቶቹ የተለያዩ ውሎች መሆናቸውን አስቀድሞ ከነገረህና ትኬቱ ላይም ከጻፈው ነጻ ነው። ቤት ገብቼ ኢሜይሉን ብፈልግ፣ ከታች በግራጫ፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል ተጽፏል። ስከፍልም «አንብቤ ተስማምቻለሁ» የምትለዋን ሳጥን በገዛ እጄ ነክቻታለሁ።

ያን ሌሊት ባንሆፉ (ባቡር ጣቢያው) አጠገብ ሆስቴል ውስጥ፣ ስድስት ሰው በሚያንኮራፋበት ክፍል አደርኩ። በነጋታው ብሬነር በሚባለው የአልፕስ ተራራ ማለፊያ በኩል ጣሊያን፣ ቦሎኛ፣ ከዚያ በፈጣኑ ባቡር ሮም፣ ደረስኩ ቅዳሜ ማታ። ሆስቴሉን ጨምሮ ተጨማሪ 187 ዩሮ። ድፎው ተርፏል፣ ጠርዙን ብቻ ነው የቆረስኩት።

ስለዚህ መጀመሪያ ዋጋውን ከባቡር ድርጅቱ ከራሱ እዩ፤ የጀርመኑ ዶቼ ባንም ሆነ የኦስትሪያው ኦቤቤ በራሳቸው መተግበሪያ ስትገዙ የአገልግሎት ክፍያ አይጨምሩም። መንገዱን በሙሉ በአንድ ትኬት የሚሸጥላችሁ ካገኛችሁ አሥርና ሃያ ዩሮ ቢወደድም እሱን ያዙ። ግድ ሁለት ትኬት ከሆነ መሃሉ ላይ ሦስት ሰዓት ተዉ፣ ቡና ትጠጣላችሁ። ደግሞ ምን እንደምትገዙ እዩ። የሌሊት ባቡር ላይ ርካሹ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የመቀመጫ ነው፤ ቀጥሎ አራት ወይም ስድስት ሰው የሚተኛበት ተደራራቢ አልጋ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ሰው የሚይዝ የመኝታ ክፍል። ርካሾቹ ቀድመው ስለሚያልቁ ሽያጩ እንደተከፈተ ግዙ። ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ፎቶውን ሳይሆን ዋናውን ያዙ፤ ጀርመን በሴፕቴምበር 2024 በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ፍተሻ ጀምራለች፣ በእንቅልፍ ልብ ሻንጣ መበርበር አያምርም።

የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ልትመጣ ነው፤ «ዩሬይል ፓስ (ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖሩ የሚሸጠው፣ በአውሮፓ ባቡሮች የሚያዞረው ትኬት) ከያዝኩ የሌሊቱ ባቡር ነጻ ነው አይደል?» አለችኝ። አይደለም። ፓሱ የሚሸፍነው የመንገዱን ነው፣ ለአልጋው ለብቻው ይከፈላል፣ ለፓስ ያዦች የሚመደበው ቦታም ውስን ነው። እኛ እዚህ ነዋሪ የሆንነው ደግሞ፣ የየትም አገር ፓስፖርት ብንይዝ፣ የምንገዛው ኢንተርሬይል የሚባለውን የነዋሪዎች ፓስ ነው፤ በምንኖርበት አገር ውስጥ ግን የሚያገለግለው ለመውጫ አንዴ፣ ለመመለሻ አንዴ ብቻ ነው።

ለሻጩ ጽፌለት ነበር። የተቃጠለውን የሌሊት ባቡር ትኬት ገንዘብ መልሱልኝ አልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፤ 11 ዩሮው የአገልግሎት ክፍያ ስለሆነ አይመለስም ይላል። ስለ 11 ዩሮው ማን ጠየቃቸው?