ቴሌግራም፦ ለወሬ ምቹ፣ ለማስረጃ አስቸጋሪ

ቴሌግራም በአገራችን ከመልእክት መለዋወጫነት አልፎ ሱቅም፣ ቢሮም፣ የማስታወቂያ ሰሌዳም ሆኗል። ፍጥነቱና በነጻ እስከ 2 ጊጋባይት ፋይል መላኩ አያከራክርም። እዚህ የሚመዘነው ሌላ ነገር ነው፦ ተጠቃሚው ሲበደል መተግበሪያው ለሕግ ምን ያህል ይመቻል?

የሳይበር ሕግ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሰርቨር ሰብሮ የሚገባ ሃከር ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ግን በኮምፒውተር የሚፈጸም ማታለልን፣ የማንነት ስርቆትን፣ ዛቻንና ያልተፈለገ ማስታወቂያን ጭምር ይሸፍናል። የሳይበር ምኅዳሩም ኢንተርኔት ብቻ አይደለም፤ በእጅ ያለው ስልክ፣ ሲሙ፣ ኔትወርኩና በውስጡ የሚመላለሰው ዳታ ሁሉ ነው።

በጣም የተለመደውን ማጭበርበር እንይ። “ለእህቴ ልጅ ድምፅ ስጪልኝ” የሚል ሊንክ ይመጣል፤ ሲከፈት ስልክ ቁጥር፣ ቀጥሎም ቴሌግራም የላከውን ኮድ ይጠይቃል። ኮዱ በገባ ቅጽበት አካውንቱ በሌላ ሰው ስልክ ላይ ይከፈታል፤ ከዚያ ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ “እስከ ማታ በቴሌብር ላኪልኝ” የሚል መልእክት ይበተናል። ያለፈቃድ መግባቱ በአንቀጽ 3 (እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር ቅጣት ወይም ሁለቱም)፣ በሌላ ሰው ማንነት መጠቀሙ በአንቀጽ 11፣ ገንዘቡን መቀበሉ በአንቀጽ 10 ሊያስጠይቅ ይችላል። አቤቱታ ሲጻፍ ሦስቱን ለያይቶ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ “ተጠለፍኩ” ብቻ ብሎ መሄድ ጉዳዩን ያሳንሰዋል።

መከላከያው አለ፣ ግን ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ገብቶ የይለፍ ቃል ማብራት ያስፈልጋል። ከበራ ኮዱን የሰረቀ ሰው ኮዱ ብቻውን አይበቃውም፤ እርግጥ ሐሰተኛው ገጽ የይለፍ ቃሉንም ከጠየቀና ከተሰጠው ያው ነው። የማስመለሻ ኢሜይል ሳያስገቡ የይለፍ ቃሉን የረሱ ሰዎች 7 ቀን ለመጠበቅ ይገደዳሉ። አካውንቱ ከተወሰደ ደግሞ ፍጥነት ወሳኝ ነው፦ አዲስ የገባ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነባሮቹን ማስወጣት ስለማይችል፣ ባለቤቱ በሴቲንግ ሥር ያለው ዲቫይስስ (የገቡ መሣሪያዎች ዝርዝር) ውስጥ ገብቶ ሌሎቹን ሁሉ ማባረር የሚችለው ያኔ ነው።

ትልቁ ድክመት ማስረጃ ላይ ነው። ላኪው መልእክቱን በማንኛውም ጊዜ ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ይችላል፣ ምልክት እንኳ አይቀርም። ስክሪንሾት ይረዳል፣ ግን በቀላሉ ስለሚቀናበር ብቻውን ደካማ ነው። የተሻለው በዴስክቶፕ ቴሌግራም ንግግሩን ከነቀኑ በጄሰን (JSON፣ መረጃን በጽሑፍ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ቅርጸት ኤክስፖርት ማድረግ፣ ማለትም ወደ ፋይል ማውጣት ነው፤ በዚህ ፋይል ውስጥ የላኪው የማይቀየር መለያ ቁጥር ይገኛል። ዩዘርኔም ነገ ሊቀየር ይችላል፣ ቁጥሩ ግን አይቀየርም። ሲክሬት ቻት (በሁለቱ ሰዎች ስልክ ላይ ብቻ የሚቀመጠው ምስጢራዊ ንግግር) ኤክስፖርት ስለማይደረግ ገንዘብ ነክ ጉዳይ እዚያ ውስጥ መነጋገር አይመከርም።

ከድርጅቱ መረጃ ማግኘትስ? ዋና መሥሪያ ቤቱ ዱባይ ነው። የቴሌግራም መሥራችና ኃላፊ ፓቬል ዱሮቭ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ፓሪስ አቅራቢያ ከተያዘ ከሳምንታት በኋላ፣ ድርጅቱ ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብ ደንብ የጣሱ ተጠቃሚዎችን የአይፒ አድራሻ (መሣሪያው በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) እና ስልክ ቁጥር እንደሚሰጥ አስታውቋል። ጥያቄውን የሚያቀርበው ግን የሕግ አካል ነው፤ የግለሰብ ኢሜይል መልስ ያመጣል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

የአገር ውስጡ መንገድ ይበልጥ ቅርብ ነው። አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን (ግንኙነቱ ከየት ወደ የት፣ መቼ እንደተደረገ የሚያሳይ መዝገብ) ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል፤ የመልእክቱን ይዘት አይሸፍንም። ስለዚህ አቤቱታው ዓመት ሳይሞላው መግባት አለበት። በተግባር ከቴሌግራሙ ንግግር ይልቅ ምርመራውን የሚያስጀምረው የቴሌብሩ የግብይት ቁጥርና የተቀባዩ ስልክ ነው፣ ሲሙ በሌላ ሰው ስም የወጣ ሆኖ ካልተገኘ።