የኦፕን ሶርስ ባነሮች መፈክር፦ ኮከብ የሰጠኋቸውና የነሳኋቸው

ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) የሚሰሩ ሰዎች ኮድ ላይ አንደኛ ናቸው። ማስታወቂያ ላይ ግን ይቅር ይበላቸው። ባነራቸው ላይ የሚጽፏትን አንድ መስመር ብቻ ለይቼ፣ እንደ ማንኛውም ዕቃ ኮከብ ልሰጣት አሰብኩ። መስፈርቴ ቀላል ነው። ፕሮግራሙን ሰምቶት የማያውቅ ሰው መስመሯን አንብቦ "እኔ ምን አገኛለሁ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ያገኛል ወይስ አያገኝም? ቦታው ጠባብ እንደሆነ አውቃለሁ። የድሮው የዌብ ባነር 468 በ60 ፒክሰል ነበር፣ ትንሿ በተን ደግሞ 88 በ31። አርማው ከገባ በኋላ ለጽሑፍ የሚተርፈው የሦስት አራት ቃል ቦታ ነው። (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

በብራውዘሩ በፋየርፎክስ ልጀምር፣ ምክንያቱም ባነርን እንደ እነሱ የተጠቀመበት የለም። 1.0 የተባለው ስሪቱ የወጣው በኅዳር 2004 ነው፤ ያኔ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ ነበር፣ ፖፕአፑም (ሳይጠሩት ብቅ የሚለው ማስታወቂያ) መዓት ነበር። ደጋፊዎች በየዌብሳይታቸው የለጠፏቸው በተኖች "ዌብን መልሳችሁ ውሰዱ" ይሉ ነበር። ወኔ አለው። ግን ዌብ እንደተወሰደበት የማያውቅ ሰው ምኑን ነው የሚያስመልሰው? ሦስት ኮከብ። አምስት የምሰጠው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በኒውዮርክ ታይምስ ሁለት ሙሉ ገጽ ይዞ ለወጣው ማስታወቂያቸው ነው። ገንዘቡን ያዋጡት ደጋፊዎች ናቸው፣ ወደ አስር ሺህ የሚጠጋ ስምም በደቃቅ ፊደል ታትሞበታል። አርዕስቱ በግርድፉ "በብራውዘራችሁ ተማራችኋል? ብቻችሁን አይደላችሁም" የሚል ነው። ስለ ራሱ አንድ ቃል ሳይናገር ከአንባቢው ብስጭት ነው የጀመረው፤ ከዚያ በኋላ ቢያወራ ማን ይጠላዋል።

ኡቡንቱ ደግሞ (በዊንዶውስ ፋንታ ከሚጫኑት የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች አንዱ ነው) "ሊኑክስ ለሰው ልጆች" ብሎ መጣ። ተንኮሏን አያችሁ? ከሱ በፊት የነበሩት ሊኑክሶች ለማን ነበሩ ታዲያ? የማንንም ስም ሳይጠራ ሁሉንም ወጋ። ደግሞም በቃል ብቻ አልቀረም፣ እስከ 2011 ድረስ አድራሻ ለላከ ሁሉ ሲዲውን በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር። አምስት።

የዌብሳይት መሥሪያው ዎርድፕሬስ ጋ ስንደርስ "ኮድ ግጥም ነው" ይላል። ታምራለች፣ ቲሸርት ላይ ብትሆን እለብሳታለሁ። ግን ለሱቁ ዌብሳይት መክፈት የፈለገ ነጋዴ ግጥም አልጠየቀም፤ ሁለት ኮከብ ይበቃታል። ደቢያን፣ ሌላው ሊኑክስ፣ "ሁለንተናዊው ኦፐሬቲንግ ሲስተም" ነኝ ይላል። ሁለንተናዊ ማለት ለኔ ምኔ ነው? እሱም ሁለት። ድሩፓል፣ እሱም የዌብሳይት መሥሪያ ነው፣ "ለሶፍትዌሩ ኑ፣ ለሰዉ ብላችሁ ቆዩ" ሲል ደስ ይለኛል፣ ውስጡ የቆዩ ሰዎችም እውነት ነው ይላሉ፤ ግን መጀመሪያ ለምን እንደምመጣ ስላልነገረኝ ሦስት ተኩል። ኔትቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም "እንዴታ! ኔትቢኤስዲ ይሰራበታል" ብሎ ይኮራል። በ2005 ዳቦ መጥበሻ ላይ ሳይቀር አስኪደውታልና ኩራቱ ይገባዋል፤ አራት።

የኔ ምርጥ ግን ኦፕንቢኤስዲ ነው፤ እሱም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፣ የሚኮራውም በደኅንነቱ ነው። እነዚህ ሰዎች መፈክራቸውን ሂሳብ አድርገውታል። በፊት "ገና ሲጫን ካለው ሲስተም ላይ ለአምስት ዓመት አንድም ከሩቅ የሚገባበት ቀዳዳ አልተገኘም" የሚል ነበር። በ2002 ኦፕንኤስኤስኤች ላይ (ከሩቅ ኮምፒውተር መግቢያ ፕሮግራማቸው ነው) ቀዳዳ ተገኘ። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? መፈክሩን አልሸሸጉትም፣ "በስድስት ዓመት ገደማ አንድ ቀዳዳ" ብለው አረሙት። በ2007 ሌላ ሲገኝ እንደገና አርመው "ከአስር ዓመት በላይ ሁለት ቀዳዳ ብቻ" አሉ፤ በኋላ ደግሞ "እጅግ ረጅም በሆነ ጊዜ ውስጥ" አደረጉት። ጥፋቱን ቆጥሮ ባነሩ ላይ የሚለጥፍ ድርጅት አይታችሁ ታውቃላችሁ? በርግጥ ገና ሲጫን አብዛኛው ሰርቪስ ዝግ ስለሆነ አባባሉ ትንሽ ወደ ራስ ያጋደለ ነው የሚሉ አሉ፣ አልተሳሳቱም። ቢሆንም አምስት እሰጠዋለሁ፤ ስድስት ቢኖር ስድስት።

አሁን ወደኛ ሀገር እንምጣ። አብዛኞቹ ባነሮች ላይ በትልቁ የሚጻፈው "በነፃ" የሚለው ነው። እዚህ ግን ይህ ቃል ማንንም አያስቆምም። ላፕቶፕ የምንገዛበት ቤት ዊንዶውስና ኦፊሱን ክራክ አድርጎ ጭኖ ነው የሚያስረክበን፣ ፎቶሾፑንም እግረ መንገዱን ጣል ያደርግበታል። ለሶፍትዌር ከፍሎ የማያውቅ ሰው ጋ ሄዶ "የኛ አይከፈልበትም" ማለት ትርፉ ምንድነው? ነፃነት፣ ማኅበረሰብ፣ አብሮ መስራት የሚሉትም ቢሆኑ በመፈክር ያደግን ሰዎች ነን፣ ሰምተን እናልፋለን።

የሚያስቆመን ሌላ ነው። ፍላሹን ማተሚያ ቤት ሰክቶ ሲመለስ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ የጠበቀው ተማሪ "ሾርትከት ቫይረስ እዚህ አይሰራም" የሚል የሊኑክስ ባነር ቢያይ ይቆማል። ውሸትም አይደለም፣ ያ ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው። በኦፊስ ፋንታ የሚሠራውን ሊብረኦፊስን የማስተዋውቅ እኔ ብሆን "ሜኑው በአማርኛ፣ ክራክ የማይፈልግ" ብዬ ነበር የምጽፈው። ስለ ግላዊነት ከሚሰብክ መስመር ይልቅ ይቺ ታስኬዳለች፣ አስቡት እስቲ፣ አማርኛ ሜኑ እንዳለው የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?

ቪኤልሲ ደግሞ ያለ መፈክር አሸንፏል። ዌብሳይቱ ላይ "ሁሉንም ያጫውታል" የምትል ጥሩ መስመር አለችው፣ ግን እዚህ ያነበባት ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። በፍላሽ የመጣው ፊልም ድምፁ አልወጣም፣ ወይ ምስሉ ጠቆረ፣ ከጎን ያለው ሰው "በቪኤልሲ ክፈተው" ይላል። አለቀ። ብርቱካንማዋ የመንገድ ኮን አርማ ሆና ምንም ሳትል ቁጭ ብላለች። እንዲህ ያለውን ነገር ገንዘብ ከፍሎም ማጻፍ አይቻልም።

አማርኛ ባነር ለምታዘጋጁ አንድ ሁለት ነገር ልበል። "ይጫኑ"፣ "ይጠቀሙ" የሚለው ጨዋ ነው ግን የባንክ ማስታወቂያ ይመስላል። "ጫን" ካላችሁ ሴቶቹን ረሳችሁ። "ጫኑት"፣ "ሞክሩት" ሁሉንም ይይዛል፣ ወዳጅነትም አለው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ስለዚህ ማጉላት የምትፈልጉትን ቃል በመጠን ነው የምታጎሉት። ረጅም ዓረፍተ ነገር በትንሽ ባነር ላይ ጠቅጥቃችሁ አታሳትሙ፣ "ጸ" እና "ጰ" ከሩቅ አይለዩም።

የሥዕል መሥሪያውን የኢንክስኬፕን መፈክር ልረሳት ነበር። "በነፃነት ሳሉ" ዓይነት ነገር ነው የምትለው፣ በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ናት። ሥራውንም መንፈሱንም አንድ ላይ ይዛለች፣ አምስት ኮከብ። አማርኛው ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። "እንደልባችሁ ሳሉ" ብላችሁ ብቻ ብትለጥፉ የሳል መድኃኒት ማስታወቂያ ነው የሚመስለው፤ "ሥዕል" የምትለዋን መጨመር ግድ ነው።