«ኑዛዜ በጥቅል ዋጋ» ከሚሸጡላችሁ ተጠንቀቁ

«ኑዛዜ፣ ስጦታና ውክልና በአንድ ቀን እንጨርሳለን፤ ምስክርም ከእኛ» እያሉ የሚያባብሉ ደላሎችና ፈቃድ የሌላቸው ጉዳይ አስፈጻሚዎች አሉ። ደንበኞቻቸው በአብዛኛው ልጆቻቸው ውጭ አገር ያሉባቸው አዛውንትና አባት እናቱን አዲስ አበባ ትቶ የሄደ ልጅ ናቸው። ይህን ጥቅል አትግዙ። ጫማ ቢቀደድ ገዢው በማግስቱ ያየዋል። የኑዛዜ ቀዳዳ ግን የሚታየው ተናዛዡ ካረፉ በኋላ ፍርድ ቤት ነው። ያኔ ጽሑፉን የሚያርም ሰው የለም፤ ገንዘቡን የተቀበለውም ስልክ ቁጥሩን ቀይሯል።

ትልቁ ቀዳዳ ያለው የኑዛዜው መጨረሻ አንቀጽ ላይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 881 በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት ይላል። መነበቡ ብቻ አይበቃም፤ መነበቡና ቀኑ እዚያው ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለባቸው፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያውኑ ይፈርማሉ። በየኮምፒውተሩ የሚገለበጠው የሻጮቹ ቅጽ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ብሎ ያበቃል፦ «ይህን ኑዛዜ በሙሉ ፈቃዴ፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ የተናዘዝኩ መሆኔን በምስክሮች ፊት በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» ያምራል። ግን «ተነበበ» የሚል ቃል የለበትም፤ ይህቺ አንዲት ቃል የጎደለችበት ኑዛዜ ፈራሽ ነው። መሆን የነበረበት ይህን የመሰለ ነው፦ «ይህ ኑዛዜ ዛሬ (ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት) በተናዛዡና በአራታችን ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ተናዛዡ ቃሌ ነው ብለው ፈርመዋል፤ እኛም ሲነበብ ሰምተን ወዲያውኑ ፈርመናል።» ደግሞም ጽፎ መተው ሳይሆን በእውነት ይነበብ። አንዱ ምስክር ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ እየመጣ የሚፈርምበት ወረቀት፣ ክርክር ሲነሣ ምስክሮቹ ራሳቸው ያፈርሱታል።

«ምስክር ከእኛ» የሚለውም ማባበያ ሳይሆን አደጋ ነው። ከቢሮ ደጃፍ ተጠርቶ የፈረመ ሰው ከ10 ዓመት በኋላ የት ይገኛል? ቢገኝስ ምን ያስታውሳል? ምስክሮቹ የሚታወቁ፣ አድራሻቸው የተጻፈ፣ ኑዛዜው የተነበበበትን ቋንቋ የሚሰሙ ሰዎች ይሁኑ። ከኑዛዜው ተጠቃሚ የሆነን ሰው ምስክር አታድርጉ፤ ፍርድ ቤት የተሰጠውን ሊቀንስበት ወይም ሊሰርዝበት ይችላል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ (ሰነድ የማረጋገጥ ሥልጣን በሕግ የተሰጠው ሰው) ከሆነ 2 ምስክር ይበቃል። ውል አዋዋይ ያለበት የሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ቀርቦ መናዘዝ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ ምስክር አያሻውም፤ ሆኖም ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ ተጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጦ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ይኑረው። በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ሳጥን ውስጥ አቆይተው «አባባ ጽፈውልናል» የሚሉ ሁሉ ይህን ይቁጠሩ። የቃል ኑዛዜ ደግሞ ቤት አያወርስም።

አሁን ወደ «የባልና ሚስት ኑዛዜ» እንምጣ፤ ከጥቅሉ ውስጥ የከፋው ይህ ነው። «ከሁለታችን አንዳችን ብንሞት ቤቱ ለቀሪው ይሁን» ብለው ሁለቱም በአንድ ወረቀት ይፈርማሉ። ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ መናዘዝ በሕግ የተከለከለ ነው (ቁጥር 858)፤ ወረቀቱ ለሁለቱም አይሠራም። ውጤቱን ተመልከቱ። በአገራችን ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ እርሱም የእርሷ አይደለም። ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ቢሆኑና ባል ቢሞት፣ ሚስት የጋራ ቤቱን ግማሽ ትይዛለች፤ ግማሹ ወደ ባል ወላጆች፣ እነርሱ ከሌሉም ወደ ወንድምና እህቶቹ ይሄዳል። አርባ ዓመት የኖረችበትን ቤት «ይሸጥና እንካፈል» ተብላ የምትከሰሰው በዚህ መንገድ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፦ ሁለት ወረቀት፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ግማሽ ድርሻ ብቻ የሚናገሩበት። ባል መላውን የጋራ ቤት ለልጁ ቢናዘዝ የሚስቱን ግማሽ ሰጠ ማለት አይደለም።

ልጅን ከውርስ መንቀል የሚፈልግም በቅጽ አይሆንለትም። በግልጽ መናገርና በቂ ምክንያቱን ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። ስሙን ዘሎ ለሌሎቹ ማደል መንቀል አይባልም።

ደላላው ኑዛዜውን ትቶ «ለምን በስጦታ አንጨርሰውም?» ሲል ይበልጥ ንቁ። ኑዛዜ እስከ መጨረሻዋ ቀን ይሻራል፣ ይለወጣል። ስጦታ ግን ካርታው በልጁ ስም ከዞረ በኋላ መመለሱ እጅግ ጠባብ በር ነው፤ ልጁ ቤቱን ለባንክ ቢያሲይዝና ዕዳው ባይከፈል እናት ከነጓዟ ትወጣለች። የግድ ስጦታ ከሆነ ሰጪዋ በሕይወት እስካለች የአላባ መብቷ (በቤቱ የመኖርና ኪራዩን የመውሰድ መብቷ) እንዲጠበቅ ውሉ ላይ ይጻፍ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜን ፎርም መከተል አለበት (ቁጥር 2443)። የጋራ ቤት ከሆነ ያለ ሌላኛው ተጋቢ ስምምነት አይሆንም።

ውጭ ላላችሁ ደግሞ፦ «አባትህ ደክመዋልና አንተ በውክልና ተናዘዝላቸው» የሚል ካለ ዋሽቷል። ኑዛዜ በወኪል አይደረግም፣ አይሻርም። «ሙሉ ውክልና» ብቻውን ቤት አያሸጥም፤ መሸጥ የሚል ልዩ ሥልጣን በስም መጠቀስ አለበት። በመሠረቱ ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራል፤ ካረፉ በኋላ በእርሱ የሚሠራ ሰው ወራሾቹን እየዘረፈ ነው።

ሻጮቹ ዝርዝሩን ለማስረዘም የማይወረስም ይጨምራሉ። የቀበሌ ቤት ኪራይ እንጂ ንብረት አይደለምና በኑዛዜ አይተላለፍም። የጡረታ አበልም እንደዚሁ፤ በራሱ ሕግ ለተተኪዎች ይከፈላል። ተጠቃሚው በስም የተጻፈበት የሕይወት መድንም ከውርስ ሀብት አይቆጠርም።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የጥብቅና ፈቃዱን ጠይቁ፤ በፌደራል ደረጃ ፈቃድ የሚሰጠው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። የካርታውን፣ የጋብቻውንና የልጆቹን የልደት ማስረጃ ሳይጠይቅ «ስም ብቻ ላኩልኝ» የሚል ሰው ቅጽ እየሞላ ነው።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ወረቀቱን አውጡና «ተነቦ» የሚለውን ቃል፣ የተናዛዡንና የአራቱን ምስክሮች (ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ካለበት የሁለቱን) ፊርማና ቀኑን ፈልጉ። አንዱ ከጎደለና ተናዛዡ በሕይወት ካሉ አትጨቃጨቁ፤ ፊተኛውን መሻሩን የሚገልጽ አዲስ ኑዛዜ ይደረግ። አርፈው ከሆነ ግን ሳትዘገዩ ጠበቃ ዘንድ ሂዱ። ወራሽ ነኝ የሚል ሰው ያለ አግባብ ውርሱን በያዘ ሰው ላይ ክስ የሚያቀርብበት ጊዜ፣ መብቱንና ንብረቱ መያዙን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ነው።