ለባዝራ ንጽህና የሚገዛውና የማይገዛው፦ የደሴና የኮምቦልቻ ሱቆች ዕቃ ሲመዘን

ደሴ ሰኞ ገበያ የወጣ ወይም ኮምቦልቻ ጋሪዎች ከሚቆሙበት አጠገብ ባሉት ሱቆች የዞረ ባለ ባዝራ (የሴት ፈረስ ባለቤት)፣ ለፈረስ ተብሎ የተሠራ ሳሙና ፍለጋ መድከም የለበትም። የሚያስፈልገው ሁሉ ለሰውና ለቤት ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ይገኛል፤ ያውም ርካሹ ነው። ጉዳት የሚመጣው ከጠንካራው ዕቃ በኩል ነው። አረፋው የበዛ፣ ሽታው የከረረ፣ ጀርም ድራሹን ያጠፋል የተባለለት ሁሉ ለባዝራዋ ግትና ብልት ከእድፉ የባሰ ጠላት ነው። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እሱን ትተን ዕቃዎቹን በሥራቸው እንመዝናለን።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው ሳሙና ላይ ነው። የልብስ ሳሙናም ሆነ የዱቄት ሳሙና የተሠራው ከጨርቅ ላይ ቅባት ለመንቀል ነው። የፈረስ ቆዳ ደግሞ ዝናብን የሚመልሰውና ሳይሰነጠቅ የሚከርመው በዚያው ቅባት ነው። የዱቄት ሳሙና ሌላም ክፉ ጠባይ አለው፤ በአንድ ባልዲ ውሃ አይለቅም። ከግቷ እጥፋት ውስጥ የቀረው ሳሙና ሲደርቅ ያሳክካታል። ባዝራዋ ኋላዋን ከግንብና ከአጥር ጋር ትፈትጋለች። ባለቤቱም አልጸዳችም ብሎ በዚያው ሳሙና ይደግማታል፤ ማሳከኩም ይብሳል። ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያም ከዚህ አይሻልም።

ከሁሉ የተሻለው የሕፃናት ፈሳሽ ሻምፖ ነው፤ ሽታው የለዘበውን መምረጥ ነው። ለ2 ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። የሕፃናት ደረቅ ሳሙና ሻምፖው ከታጣ ይሠራል፣ ግን እሱም ሳሙና ስለሆነ ቆዳ ያደርቃል፤ አሳንሶ መጠቀም ነው። የትኛውም ቢገዛ ለማለቅለቂያ ቢያንስ 5 ሊትር ንጹህ ውሃ ለብቻው ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት። ኮምቦልቻ ላይ ውሃው ከቦርከና ሳይሆን ከቧንቧ ይሁን፤ ከፋብሪካዎች በታች የሚወርደው ወንዝ ግትና ብልት የሚታጠብበት አይደለም። ደሴ ላይ የሚያስቸግረው ብርዱ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ባዝራ ማርጠብ አይመከርም፤ ከ9 ሰዓት በኋላም ሳትደርቅ ይመሽባታል።

ሁለተኛው ግዢ ከፋርማሲ የሚገኘው ጥቅል ጥጥ ነው። በዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። ስፖንጅና አሮጌ ጨርቅ ታጥበው ሲመለሱ የትናንቱን እድፍ ይዘው ይመጣሉ፤ ጥጥ ግን አንዴ ጠርጎ ይጣላል። ከጥጡ ጋር የሐኪም ጓንት ይገዛ፤ የሰው ጥፍር ቀጭኑን ቆዳ ይቧጭራል።

የግት አጠባቡ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ራሷን ይይዛል፤ የሚያጥበውና የሚይዘው ሰው በአንድ ወገን ይቆማሉ። የሚያጥበው ከጎኗ ተጠግቶ፣ ፊቱን ወደ ጭራዋ አዙሮ፣ አንድ እጁን ወገቧ ላይ ያሳርፋል፤ ከኋላዋ ፊት ለፊት አይቆምም። እጅ ከሆዷ ተነስቶ ዘርጋ ብሎ ቀስ እያለ ወደ ግቷ ይሄዳል። በጣት ጫፍ ነካ ነካ ማድረግ ይኮረኩራታል፣ እርግጫም የሚመጣው ያኔ ነው። ባዝራ ያላት ሁለት የጡት ጫፍ ነው፤ እድፉ የሚጠራቀመው በሁለቱ ግቶች መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ ነው። ጥቁር ወይም ግራጫ፣ ሰም የመሰለ፣ በጣት ሲታሽ የሚንከባለል ነገር ይገኛል። ላብ፣ የቆዳ ቅባት፣ የሞተ ቆዳና አቧራ ተደባልቆ ነው። ብዙ ጊዜ ጭራዋን ስትፈትግ ትል ነው የሚባለው ይሄው ሆኖ ይገኛል።

ይህን እድፍ በጥፍር መፈቅፈቅ ያቆስላል። መጀመሪያ ነጭ ቫዝሊን ወይም ትንሽ የምግብ ዘይት ቀብቶ 10 ደቂቃ መተው ይገባል፤ የከረመ ከሆነ ማታ ተቀብቶ ጠዋት ይጠረጋል። ከዚያ ሻምፖ የነካ እርጥብ ጥጥ፣ ቀጥሎ በውሃ ብቻ የረጠበ ጥጥ። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣና ቆዳው ማሟለጩን እስኪተው ድረስ ይለቀለቃል፤ በመጨረሻ በንጹህ ጨርቅ ይደርቃል። ጋሪ ለምትጎትት ወይም በኮርቻ ለምትሠራ ባዝራ በ2 ሳምንት አንዴ ይበቃል። በየቀኑ ማጠብ ቆዳውን ያደርቀዋል። ውርንጭላ የምታጠባ ከሆነች ሻምፖውም ቫዝሊኑም ይቅር፣ ለብ ያለ ውሃ ብቻ። አንዱ ግት ከሌላው የሞቀ፣ የጠጠረ፣ ሲነካ እግሯን የምታነሳ፣ ወተቱም የረጋ ከሆነ የማጠብ ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ይያት።

ለብልቷ ሌላ ውሃና ሌላ ጥጥ ያስፈልጋል። የሚጸዳው የውጩ ከንፈር ብቻ ነው። ከላይ ወደ ታች አንዴ ይጠረግና ጥጡ ይጣላል፤ ቀጥሎ ዙሪያው፤ ፊንጢጣው መጨረሻ ላይ። ይህ ተራ ሲገለበጥ የፋንድያው እድፍ ወደ ብልቷ ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ማህፀን ሊገባ ይችላል። ውስጥ ሳሙና ማስገባትም ሆነ በጎማ ውሃ መርጨት ፈጽሞ ክልክል ነው። ድንጉላ (ወንድ ፈረስ) በምትፈልግበት ጊዜ ጭራዋን ታነሳለች፣ ሽንቷን በትንሽ በትንሹ ትረጫለች፣ ጠራ ያለ ፈሳሽም ሊታይ ይችላል። ይህ ከ5 እስከ 7 ቀን የሚቆይ፣ በየ21 ቀኑ ገደማ የሚመለስ ጤናማ ነገር ነው። በእነዚያ ቀናት ሥራው የኋላ እግሮቿን ውስጠኛ ጎን በውሃ ማጠብና ማድረቅ ነው፤ የደረቀ ሽንት ጸጉር ያረግፋል። ወፍራም ነጭ፣ መግል የመሰለ ወይም የሚሸት ፈሳሽ ግን ጥጥና ሻምፖ አይመልሰውም።

ውሃ ላይ ጠብ ሲል ነጭ የሚሆነውን ሽታማ ጀርም ገዳይ ብዙ ሰው አምኖ ይገዛዋል። ለባዝራ ዕለታዊ ንጽህና ዝቅተኛውን ነጥብ የምንሰጠው ለእሱ ነው። ስስ ቆዳን ያቃጥላል። ከዚያ በላይ ደግሞ በቆዳው ላይ በሰላም የሚኖሩትን ተህዋስያን ስለሚገድል ቦታው ለጎጂዎቹ ክፍት ይሆናል። ክሎርሄክሲዲን የተባለው ጀርም ገዳይም በየጊዜው ከተደጋገመ ያው ነው። ለቁስል ፖቪዶን አዮዲን (ቡናማው የቁስል መድኃኒት) ይሻላል፤ ውሃው ቀጭን ሻይ እስኪመስል ብቻ ጠብ ተደርጎበት።

ነጭ ቫዝሊን፣ ሽቶ የሌለው፣ ከገንዘቡ በላይ የሚያገለግል ዕቃ ነው። ሽንት የሚወርድበት የጭን ውስጥ ቆዳ ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ስስ አድርጎ መቀባት። ሲወፍር የኮምቦልቻን አቧራ ሰብስቦ አዲስ እድፍ ይሆናል። ሚንት ሚንት የሚለው ለጉንፋን የሚቀባው ቅባት ብልትና ግት አካባቢ አይቅረብ።

ከብሩሾቹ የላስቲክ ጥርስ ያለው ለሰውነቷ ጥሩ ነው፤ እያዞሩ መፈተግ፣ ፊትና ታችኛው እግር ላይ ግን አይደለም። የልብስ ብሩሽ ከሰኮና ላይ ጭቃ ከማራገፍ ያለፈ ሥራ የለውም። ሁለቱም ከሌሉ ጭድ ጠምዝዞ መፈተግ ይቻላል። ከብሩሹ ዓይነት ይልቅ የሚያሳስበን መዋዋሱ ነው። በፈንገስ የሚመጣው ንድፍት፣ በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚታወቀው በሽታ፣ በቁስል በኩል ይገባል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በብሩሽ፣ በጋሪ ዕቃና በዝንብ ይሻገራል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ባለው ሞቃት አካባቢ ይበረታል፤ ኮምቦልቻ በዚያው ከፍታ ውስጥ ናት። ለእያንዳንዷ ባዝራ የራሷ ብሩሽ፣ በሳምንት አንዴ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ።

ግቷ ጸድቶም ጭራዋን መፈተጓን ካልተወች ፊንጢጣዋን ማየት ነው። ቢጫና ግራጫ የሆነ፣ የሚጣበቅ ቅርፊት ካለ የትል እንቁላል ነው። በሚጣል እርጥብ ጥጥ ይጠረጋል፣ ጥጡ ይቃጠላል፤ የትሉ መድኃኒት በክብደቷ ልክ ከእንስሳት ሐኪም ይወሰዳል።

ለመዥገር የሚበልጠው ዕቃ ወረንጦ ነው። ከጭራዋ ሥር፣ ከግቷ ዙሪያና ከጆሮዋ በየምሽቱ ተፈልጎ፣ መዥገሩ ከቆዳው ተጠግቶ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይነቀላል። ላምባና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቆዳ ይልጣል። ከሁሉ በላይ ግን ጥንቃቄ የሚያሻው አሚትራዝ ነው። ለከብት መዥገር የሚረጭ መድኃኒት ሲሆን፣ በፈረስ ላይ ሲረጭ የአንጀቷን እንቅስቃሴ ያቆማል፤ ሆዷ ተዘግቶ ልትሞት ትችላለች። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ርጭት ሲገዛ ለፈረስ መሆኑን በግልጽ ተናግሮ፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ስም ማንበብ ግድ ነው።

የመጨረሻው ጉዝጓዝ ነው። ከእንጨት ቤቶች የሚገኘው ሰጋቱራ ሽንት በመምጠጥ ከጭድ ይበልጣል። ፋንድያው ጠዋትና ማታ ከተነሳ፣ የረጠበውም በየቀኑ ከተቀየረ፣ ዓይን የሚያቃጥለው የሽንት ሽታ ይጠፋል። ሙጫ ካለባቸው ከቺፑድና ከኮምፔንሳቶ የወጣውን መተው፤ በጣም የደቀቀው ደግሞ ስለሚያስላት ውሃ ረጨት ማድረግ ነው። ባዝራ የምታረግዘው 11 ወር ገደማ ነው። መውለጃዋ 2 ሳምንት ሲቀረው ሰጋቱራው ወጥቶ ንጹህ ረጅም ጭድ ይነጠፍ፤ ሰጋቱራ እርጥብ ብልትና ግት ላይ፣ በተወለደው ውርንጭላ አፍንጫም ላይ ይጣበቃል።