ደሴ ላይ የቤትና ቦታ ግብር አከፋፈል፦ መስኮቱ ጥሩ ነው፣ ሥልጣኑ ግን ሌላ ቦታ ነው

ሰሞኑን የቤትና ቦታ ግብር ልከፍል ደሴ ካሉት የክፍለ ከተማ ገቢ ቢሮዎች ወደ አንዱ ጎራ ብዬ ነበር። መስተንግዶው ከጠበቅሁት በላይ ነው። ወረፋው ይንቀሳቀሳል። የካርታ ኮፒና ያለፈውን ዓመት ደረሰኝ ይዞ የመጣ ሰው አይጉላላም። ደረሰኙ የጠፋበት ግን መዝገብ ቤት ይላካል፣ እዚያ ፋይል እስኪገኝ መቆሙ ወገብ ይቆርጣል። ይሄ መስተካከል አለበት።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ፋይሌን ገልጣ የቦታውን ስፋት፣ ደረጃውን፣ ቤቱ ከምን እንደተሠራ በጣቷ እየጠቆመች አስረዳችኝ። ከእኔ በፊት የነበሩ አንድ አባት ደግሞ «ልጄ፣ በራችን ላይ ያለው ቦይ ክረምት በመጣ ቁጥር ደለል ይሞላዋል፣ ማንም አይጠርግልን፤ እስቲ ይችን ግብር ቀነስ አድርጉልን» ብለዋት ነበር። «አባባ፣ ታሪፉን እኛ አናወጣውም፣ ከላይ በመጣልን ነው የምንሠራው» አለቻቸው። እውነቷን ነው። ብዙ ሰው እሷ ላይ የሚጮኸው ይህን ስለማያውቅ ይመስለኛል።

ይህ ግብር ለረጅም ዘመን የተሰበሰበው ደርግ ባወጣው አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው። በ2017 ፓርላማው የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017ን አጸደቀ። ዓላማው ከተሞች ለመሠረተ ልማትና ለአገልግሎት የሚሆን የራሳቸው ገቢ እንዲኖራቸው ነው፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን አዋጁ ማዕቀፍ ነው፣ ሥራ ላይ የሚውለው ክልሎች በሚያወጡት ሕግ ነው። ስለዚህ ደሴ ውስጥ ያለች ቤት ስንት ትክፈል የሚለው ጉዳይ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ደርሶ ነው መስኮቱ ጋ የሚመጣው።

ኮምቦልቻን ደግሞ እዩ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ተመረቀ። እዚያ ካሉ የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ደሞዝ የሚቆረጠው ግብር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የክልል ነው። የኩባንያዎቹ የትርፍ ግብር በአንቀጽ 98 የፌዴራልና የክልል የጋራ ነው። ከተማው በሁለቱም ውስጥ የለም። ውሃው፣ ቆሻሻው፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ፣ ቤት ኪራይ ፍለጋ የሚንከራተተው ሠራተኛ ግን ቀጥታ የከተማው ራስ ምታት ነው፣ ከንቲባውም የሚጠየቀው በዚህ ነው። ክልሉ በጀት መልሶ ይሰጣል፣ አውቃለሁ፤ ግን በድጎማ መኖርና የራስን ገቢ አቅዶ መሥራት አንድ አይደለም። አንቀጽ 50 ንዑስ 4 ራሱ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። ሥልጣን ያለ ገንዘብ ምን ይሠራል?

እንግዲህ እናንተም ስትሄዱ ልጆቹን አትቆጡ። ታሪፉ ከከበዳችሁ ለክልሉ ምክር ቤት የመረጣችሁትን ተወካይ ያዙ። የቦዩንና የኮብልስቶኑን ጥያቄ ግን ለከተማው አንሱ፣ የከፈላችሁት ብር የት እንደዋለ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ለመስኮቱ ከ5 አራት፣ ለመዝገብ ቤቱ ሁለት። ቢሮውን አንድ ነገር እለምናለሁ፦ ታሪፉን በትልቁ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉት፣ ከሥሩም የትኛው ምክር ቤት በየትኛው ደንብ እንዳወጣው ይጻፍበት።